የአባት ሽጉጥ ሲዝግ፦ ቀዩን ማንሳት፣ ጥቁሩን ማትረፍ

የደሴ ክረምት ብረት ይበላል። ሐምሌ ሲገባ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ በበርና በመስኮት ይገባል። ግድግዳው ይረጥባል፣ ሣጥን ውስጥ ያለ ልብስ ሳይቀር ይሻግታል። እዚያው ሣጥን ሥር በጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠ የአያት ሽጉጥ ካለ፣ መስከረም ላይ ሲፈታ ብርቱካንማ ዱቄት ለብሶ ይገኛል።

እንዲህ ያሉ አሮጌ ሽጉጦች በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ በአንዳንድ ቤት ከአባት ለልጅ ሲተላለፉ ኖረዋል። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ደሴን ያዘ። በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ከተማዋን ሲያስረክብ ትቶት የሄደው መሣሪያ ቀላል አልነበረም። የጣሊያን ጦር ይታጠቀው ከነበረው አንዱ ቦዴዮ የሚባለው ስድስት ጎራሽ ነው፤ ሞዴሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1889፣ ጥይቱ 10.35 ሚሊ ሜትር። የእንግሊዙ ዌብሊና የሩሲያው ናጋንትም የዚያው ዘመን ሽጉጦች ናቸው። ዛሬ የእነዚህ ዋጋ መተኮሳቸው አይደለም። የቤተሰብ ታሪክ ናቸው። የፋብሪካው ማህተም፣ የመለያ ቁጥሩ፣ እጅ ያለሰለሰው እጀታ ሁሉ የዚያ ታሪክ ክፍል ነው።

እኔን የሚያሳዝነኝ ታዲያ ዝገቱ ብቻ አይደለም። ዝገቱን ለማጥፋት ተብሎ የሚደርሰው ጉዳት ይብሳል። ልጅ አባቱን ደስ ለማሰኘት በብርጭቆ ወረቀት ፈትጎ እንደ ማንኪያ ያብረቀርቀዋል። አባትም «ተባረክ ልጄ» ይላሉ። ማህተሙ ግን ሟሟ፣ ጠርዙ ዶለዶመ፣ ጥቁሩ ልባስ ጠፋ። በሚቀጥለው ክረምት ያው ሽጉጥ ከበፊቱ ብሶ ይዝጋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለአንድ ነገር የተጻፈ ነው፦ ቀዩን ዝገት አንስቶ ጥቁሩን ሳይነኩ መተው።

ቀዩና ጥቁሩ

የአሮጌ ሽጉጥ ጥቁር ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ መልክ ለብዙ ሰው ቀለም ይመስለዋል። ቀለም አይደለም። ፋብሪካው ብረቱን ሆን ብሎ፣ ተቆጣጥሮ ኦክሳይድ እንዲያበጅ አድርጎ ያለበሰው ቀጭን ልባስ ነው። ይኼ ልባስ ብረቱን ጥብቅ አድርጎ ይይዛል፤ ዘይትም ላዩ ላይ ይቆይለታል። ቀዩ ዝገት ጠባዩ ሌላ ነው። ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ያብጣል፣ ይላላጣል። እርጥበት ይዞ ይቆይና ከሥሩ ያለውን መብላት ይቀጥላል።

ሁለቱም የብረት ኦክሳይድ ስለሆኑ አሲድ አይለያቸውም። ኮምጣጤ፣ ሎሚ፣ ኮካ፣ በጠርሙስ የሚሸጥ ዝገት ማስለቀቂያ፣ ይባስ ብሎ የባትሪ አሲድ ቀዩን ሲያነሱ ጥቁሩንም ይዘው ይሄዳሉ። የሚቀረው መከላከያ የሌለው ግራጫ ብረት ነው። ሞላዎቹ አሲድ ከነካቸው ደግሞ ተሰባሪ ሊሆኑ ይችላሉ። ሰው ምንም ቢመክራችሁ አሲድ ያለበትን ነገር ወደዚህ ሥራ አታስጠጉ።

መሣሪያችሁ ከየትኛው ዓይነት ዝገት ጋር እንዳለ ለማወቅ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ዘይት ነካ አድርጋችሁ እሹት። ጨርቁ ላይ ብርቱካንማ ከወጣ ሥራ አለ። ቡናማ መስሎ፣ ሲዳሰስ ለስላሳ ሆኖ፣ ጨርቁ ላይ ምንም ካልለቀቀ ግን ያ የዕድሜ መልክ ነውና ተውት። ጥፍራችሁን ስታንሸራትቱ ያዝ የሚያደርግ ጉድጓድ ካለ ብረቱ ተበልቷል ማለት ነው። ጉድጓዱ አይሞላም። ውስጡ ያለውን ቀይ ማውጣት ይበቃል። ነጭ ኒኬል የተለበጠ ከሆነ ደግሞ ከዘይትና ከለስላሳ ጨርቅ አትለፉ፤ ዝገቱ ከልባጡ ሥር ስለሚሄድ ሲፋቅ ልባጡ ተነስቶ ይወድቃል።

መጀመሪያ ወረቀቱ፣ ቀጥሎ ጥይቱ

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ መያዝን በፈቃድ አድርጎታል። የአያት ቅርስ ነው ማለት ብቻውን ወረቀት አይሆንም። ወረቀቱ ያልተስተካከለ ከሆነ ከዝገቱ በፊት እሱን ከፖሊስ ጋር ጨርሱ። ላስጠግነው ብላችሁም በከረጢት ይዛችሁ ከደሴ ኮምቦልቻ አትመላለሱ። ሥራው እቤት የሚያልቅ ነው።

«ባዶ ነው» የሚለውን ቃል አትመኑ፤ የተናገሩት አባታችሁ ቢሆኑም። ጣታችሁን ከቃታው አርቁ፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሩ። ቦዴዮና ናጋንት በቀኝ በኩል ከኋላ ትንሽ በር አላቸው። እሱን ከፍታችሁ ጥይት የሚገባበትን ተሽከርካሪ ክፍል ቀስ እያላችሁ አዙሩና እያንዳንዱን ቀዳዳ በብርሃን እዩ። ዌብሊ ከላይ ተለቅቆ ይታጠፋል። ቀዳዳዎቹን ቁጠሩ። ስድስት ነው ብላችሁ አትገምቱ፣ ናጋንት ሰባት ነው። አፈሙዙም ውስጥ የተቀረቀረ ነገር አለመኖሩን ከኋላ ብርሃን አብርታችሁ አረጋግጡ።

ተሽከርካሪው በዝገት ተይዞ አልዞር ካለ ጥይት እንዳለበት ቁጠሩት። ጥይት ተጣብቆ ካያችሁ ሥራው እዚያ ላይ ይቆማል። አትምቱት፣ አታሙቁት፣ በብረት አትጎርጉሩት። በሚመለከተው የፖሊስ ባለሙያ እጅ ይውጣ። ነጻ መሆኑን ካረጋገጣችሁ በኋላም ቤት ውስጥ ያለውን ጥይት ሁሉ ወደ ሌላ ክፍል ወስዳችሁ ቆልፉበት፣ ልጆችንም አርቁ።

ከየት ምን ይገኛል

ለጦር መሣሪያ ተብሎ የተሠራ ዘይት ፍለጋ አትድከሙ። የልብስ ስፌት መኪና ዘይት ቀጭንና ንጹሕ ነው፤ ዝገት ሥር ይገባል፣ ሙጫ አይሆንም። ደሴ ፒያሳ ወይም ሰኞ ገበያ ያሉ ልብስ ሰፊዎችን ጠይቁ፣ የሚገዙበትን ያሳዩአችኋል። ደብሊው ዲ ፎርቲ የሚባለው በቆርቆሮ የሚረጭ ዘይትም ዝገት ለማላላት ይሆናል፤ ነገር ግን ቶሎ ስለሚሳሳ ለማቆያ አይበቃም።

የማይሆኑትን ልናገር፣ ምክንያቱም ሰው በብዛት የሚጠቀመው እነሱን ነው። ጋራዥ የሚሰጧችሁ የተቃጠለ ዘይት አሲድና ጥላሸት ተሸክሟል። የፍሬን ዘይት ስሙ ዘይት ይሁን እንጂ እርጥበት ከአየር ይስባል። የኑግ ዘይትና የተልባ ዘይት ሲቆዩ ይደርቁና ሙጫ ይሆናሉ፤ ተሽከርካሪውን ያጣብቁታል። ቅቤም ይሻግታል እንጂ ብረት አይጠብቅም።

የተቀረው እቤት አለ። ያረጀ ነጠላ ወይም የጥጥ ከናቴራ ተቀዳዶ፣ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ፣ ለማጠቢያ ትንሽ ላምባ፣ የወይራ መፋቂያ። የነሐስ ሽቦ ያለው ትንሽ ብሩሽ ካገኛችሁ ጥሩ። የብረት ሽቦ ብሩሽ ግን አይሆንም፤ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦም እንደዚያው።

ከሁሉ የምወደው መሣሪያ የጃንሆይ ዘመን አምስት ሳንቲም ነው። ያ 1936 የሚል የተጻፈበት፣ አንበሳ ያለው ቀይ ሳንቲም መዳብ ነው። መዳብ ከብረት ይለሰልሳል፣ ከዝገት ጋር ግን ይተናነቃል። ዝገቱን ገፍቶ ሲያነሳ ጥሩውን ብረት አይቧጥጥም። ከአያቶች ሣጥን አይጠፋም። ከሌለ የደርግ ዘመን አምስት ወይም አሥር ሳንቲም ሞክሩ፤ ናስ ነው። መጀመሪያ ማግኔት አስጠጉበት። ከተሳበ ውስጡ ብረት ነውና ተውት።

ሥራው

እጀታውን በማውጣት ጀምሩ። እንጨቱ ሥር ብዙ ጊዜ ከላይ ከሚታየው የባሰ ዝገት አለ፣ ምክንያቱም የእጅ ላብ እዚያ ይገባና መውጫ ያጣል። የካቻቢቴው ጫፍ የብሎኑን ስንጥቅ ከዳር እስከ ዳር ሞልቶ መቀመጥ አለበት። ቢወፍር በሞረድ አስተካክሉት። ቢቀጥን ሌላ ፈልጉ። የሚንሸራተት ካቻቢቴ የብሎኑን ራስ ቀድዶ ብረቱን ይጭረዋል፣ ያ ጭረት ደግሞ አይጠፋም። ብሎኑ ከተያዘ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ አሳድሩት። በማግስቱ የካቻቢቴውን እጀታ ከላይ ቀስ አድርጋችሁ ነካ ነካ አድርጉና እንደገና ሞክሩ። እሳት አታስጠጉ፣ የብረቱን ጥንካሬ ይለውጣል። እንጨቱን ለብቻው አስቀምጡ፤ ላምባና ብዙ ዘይት አይነካው።

ከዚህ በላይ አትፍቱ። ውስጡ ያሉት ሞላዎችና ጥቃቅን ክፍሎች ለመመለስ ያስቸግራሉ፣ በላዩ ላይ ያለውን ዝገት ለማንሳትም መፍታት አያስፈልግም።

አሁን ዘይቱ ሥራውን ይሥራ። ጨርቅ በዘይት አርሱና ዝገት ያለበትን ሁሉ ጠቅልሉት፣ ዘይቱ እንዳይተን በፌስታል ሸፍኑት፣ ቆልፉበትና ቢያንስ ለአንድ ሙሉ ቀን ተዉት። ደሴ ሲበርድ ዘይቱ ስለሚከብድ ሁለት ቀን ይሻላል። ይኼን መጠበቅ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ሥራ ይኼ ነው። አብሽሩ፣ ለብዙ ዓመት የተቀመጠ ዝገት አንድ ቀን ቢጨመርበት ምንም አይሆንም።

ሲፈታ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት። መጀመሪያ የሚወጣው ብርቱካንማ ጭቃ ነው። ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፣ ምክንያቱም የብረት ዝገት ዱቄት ራሱ መሞረጃ ነው፤ ብረት ማለስለሻ ሆኖም ይሸጣል። በቆሸሸ ጨርቅ ማሸት ማለት ዝገቱን ተጠቅሞ ጥቁሩን መፋቅ ነው። በዘይትና በጨርቅ ብቻ ብዙው ከተነሳ እዚያው ላይ ማቆም ይቻላል፣ የሚበልጥ ውጤት የለም።

ያልተነሳውን በሳንቲም ያዙት። ቦታው በዘይት ይራስ፣ ሳንቲሙም ይራስ። ጠርዙን ጋደም አድርጋችሁ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዛችሁ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ አጭር አጭር አድርጋችሁ ግፉት። ጆሯችሁን አስጠጉ። ዝገት ላይ ሲሄድ ከርከር ከርከር ይላል፣ በጣትም ይሰማል። ጥቁሩ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይጠፋና ሳንቲሙ ይንሸራተታል። የተንሸራተተበት ቦታ አልቋል፣ ወደሚቀጥለው እለፉ። ትንሽ የመዳብ ቀይ መስመር ቢተው አትደንግጡ፣ በዘይት ጨርቅ ይለቃል። ከጥቂት ግፊት በኋላ ጭቃውን ጠርጉ፣ ዘይት ጨምሩ፣ ቀጥሉ። ጉልበት አይጠይቅም። ጉልበት ከጠየቀ ዘይቱ ገና አልገባም ማለት ነውና መልሳችሁ ጠቅልላችሁ አሳድሩት።

ማህተምና የመለያ ቁጥር ያለበት ቦታ ላይ ሳንቲም አትጠቀሙ። እዚያ መፋቂያው ይሻላል። የወይራውን ጫፍ ቀጥቅጣችሁ ክሩ እንዲበተን አድርጉ፣ ዘይት ንከሩና እያንዳንዱን ፊደል እየተከተላችሁ ጎርጉሩ። ቀዩ ከፊደሉ ሥር እየወጣ ሲመጣ ለዓመታት ያልተነበበ ቁጥር ይነበባል። የሥራው ደስታ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ከተቸኮለ ደግሞ የሚበላሸውም እዚሁ ነው። ቁጥሩ ከጠፋ ፈቃዱ ላይ ከተጻፈው ጋር ማመሳከሪያ አይኖራችሁም።

ከእነዚህ ሁሉ በኋላም የቀረ ቀይ ሽፋን ካለ፣ ባለ አራት ዜሮ የሚባለውን እጅግ ደቃቅ የብረት ሱፍ በዘይት አርሳችሁ መሞከር ይቻላል። ከዚህ የሻከረ ከሆነ አይሆንም። መጀመሪያ ከእንጨቱ ሥር በሚደበቀው ቦታ ፈትኑት። በሁለት ጣት ትንሽ ቁራጭ ይዛችሁ ሳትጫኑ እሹ፣ በየመሃሉ ጠርጋችሁ እዩ። ጠርዞች ላይ አትሂዱ፣ ጥቁሩ መጀመሪያ የሚለቀው ከጠርዝ ነው።

መቼ ይበቃል? ጨርቁን እዩ። ብርቱካንማው ቡናማ ይሆናል፣ ቡናማው እየሳሳ ይሄዳል። ጨርቁ ወደ ግራጫና ጥቁር ሲዞር ዝገት አልቆ ልባሱን እየነካችሁ ነው። እጃችሁን አንሱ። እዚህም እዚያም ጠቆር ያለ ነጥብ ይቀር ይሆናል። ቀይ እስካልለቀቀ ድረስ ይቅር።

የአፈሙዙ ውስጥ

ከአፈሙዙ የሚረዝም ቀጥ ያለ የእንጨት ዘንግ አዘጋጁ፣ ጫፉ ላይ ዘይት የነካ ጨርቅ ጠቅልላችሁ አመላልሱ። የተሽከርካሪውን ቀዳዳዎችም እንዲሁ። ዘንጉ የአፈሙዙን አፍ ጠርዝ እየፈተገ እንዳይሄድ በጣት ደግፉት።

ውስጡ በዘይት ተጠርጎ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ቀይ ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ጨው ነው። የድሮ ጥይት ቆብ ሲፈነዳ ከገበታ ጨው ጋር የሚቀራረብ ጨው ቱቦው ውስጥ ይተዋል። ይኼ ጨው እርጥበት እየሳበ ያዝጋል። ዘይት ደግሞ ጨው አያሟሟም፣ ዘይት ብትቀቡት ጨው ከሥሩ ይቀመጣል። የሚያሟሟው ውሃ ነው። ስለዚህ በፈላ ውሃ የራሰ ጨርቅ ደጋግማችሁ አመላልሱ፣ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አድርቁ፣ ከዚያ ዘይት። ውሃና ብረት ማገናኘት ያስፈራል፣ ግን ለዚህ ጉዳይ ሌላ መድኃኒት የለውም። ውሃው ወደ ቃታው አካባቢ እንዳይወርድ አፈሙዙን ወደ ታች ይዛችሁ ሥሩ።

ማጠብ፣ ማድረቅ፣ መቀባት

የዝገት ጭቃ የቀረበትን ጥጋጥግ በጥርስ ብሩሽና በጥቂት ላምባ እጠቡ። ይኼ ደጅ የሚሠራ ነው፤ ከሰል ምድጃም ሲጋራም በአቅራቢያው አይኑር። ከጠረጋችሁ በኋላ እጃችሁ ሥር ሆኖ ፀሐይ ላይ ይሙቅ፣ ወይም ፀጉር ማድረቂያ አዙሩበት፣ በእጅ ለመያዝ እስኪሞቅ ድረስ ብቻ። ሙቀቱ ስንጥቅ ውስጥ የተደበቀውን እርጥበት ያወጣዋል።

የእጀታው ብሎን ቀልቶ ከሆነ አንድ ቆንጆ ዘዴ አለ። ዘይቱን በሳሙና አጥባችሁ በንጹሕ የዝናብ ውሃ ግማሽ ሰዓት ያህል አፍሉት። ቀዩ ዝገት ወደ ጥቁር ይለወጣል፤ በጨርቅ ስታሹት ጥቁሩ ብሎኑ ላይ ይቀራል። ይኼ ለተፈታች ትንሽ ዕቃ ነው። ሙሉ ሽጉጥ ድስት ውስጥ አይገባም፣ ውስጡ የሚቀረው ውሃ ከዝገቱ የባሰ ነው።

ብረቱ ገና ሞቅ እንዳለ ዘይት ቀቡት። ብዙ አይደለም፣ በጣት ሲነካ የሚታወቅ ያህል ስስ ሽፋን። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ከሆነ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ስስ አድርጋችሁ መቀባት ከዘይት ይቆያል። የንብ ሰም ሰዎች ያመሰግኑታል፣ እኔ ግን በራሱ አሲድነት ስላለው ለብረት አልመርጠውም። ከቀባችሁ በኋላ በባዶ እጅ አትንኩት፤ ላብ ጨው ነው፣ የጣት አሻራ ቅርጹን ይዞ ይዝጋል። በመጨረሻ እጃችሁን በሳሙና በደንብ ታጠቡ፣ ከአሮጌ መሣሪያ የእርሳስ ብናኝ አይጠፋም።

አንድ ነገር እዚሁ ልጨምር። ዝገቱ ስለለቀቀ ሽጉጡ ለመተኮስ ደኅና ሆነ ማለት አይደለም። ውስጡ የተበላ ብረት በዓይን አይታይም። ይኼ ሥራ ለማቆየት ነው።

የት ይቀመጥ

ብዙ ጊዜ ሽጉጡ የሚገኘው የድሮ ቆዳ ማህደሩ ውስጥ ነው። አውጡት። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ሲለፋ የገባበት ጨውና አሲድም ብረቱን ይበላል። ማህደሩን ለብቻው አስቀምጡ፣ እሱም ቅርስ ነው። ሽጉጡን ዘይት በነካ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልላችሁ በሚቆለፍ ሣጥን አድርጉ፣ ጥይት ካለም ለብቻው ሌላ ቦታ ቆልፉ። ሣጥኑ መሬት ላይ ወይም ከውጭ ግድግዳ ተጣብቆ አይቀመጥ፣ በተለይ በጭቃ ቤት። ጫማ ሲገዛ ከካርቶኑ ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት የሚመጥጡ ትናንሽ ከረጢቶች አትጣሉ፣ ጣል ጣል አድርጉበት። በረኪና ካለበት ቁም ሣጥን ደግሞ አርቁት። ክዳኑ ተዘግቶ እንኳ የሚወጣው ሽታ ብረት ያዝጋል። ብዙ ሰው «ዘይት ቀብቼው ለምን ዛገ?» ሲል መልሱ እዚያው መደርደሪያ ላይ ያለው ጠርሙስ ነው።

ቤተሰብ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲዛወርና ሽጉጡ በሕጋዊ መንገድ አብሮ ሲሄድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፣ አየሯም ይሞቃል። ከደሴ ብርድ የወጣ ቀዝቃዛ ብረት ሞቃት ቤት ውስጥ ወዲያው ቢገለጥ ላዩ ላይ ጤዛ ይይዛል። እንደተጠቀለለ ሣጥኑ ውስጥ እስከ ማግስቱ ተዉት፤ ከቤቱ አየር ጋር ሙቀቱ ሲስተካከል ከፍታችሁ ጥረጉት፣ አዲስ ዘይት ቀቡት።

ሰኔ ላይ ዝናቡ ሳይጠነክር አንድ ጊዜ አውጥታችሁ እዩት፣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ድገሙ፣ መስከረም ላይ ደግሞ አንድ ጊዜ። ሁልጊዜም መጀመሪያ ባዶ መሆኑን አረጋግጡ። አዲስ ቀይ ነጥብ ካገኛችሁ ዘይት ጠብ አድርጋችሁ ጥቂት አቆዩና በጨርቅ አንሱት። በዚህ ደረጃ ላይ ሳንቲሙም መፋቂያውም አያስፈልግም።